የጓንዴው ልክ

ጡረታ ስወጣ ከጨርቃ ጨርቁ ቤት፣
በጭብጨባ ሸለሙኝ አንድ የግድግዳ ሰዓት።
የኔ ዓይን ግን ያረፈው፣ በቁርጥራጩ ጨረታ ዕለት፣
ማንም ዋጋ ያልሰጠው ቶርኖ ላይ ነበር፣ ጥርሱን የበላው ዝገት።

ሽምብጥ፣ ከፓፓያዬ ሥር፣ በቆርቆሮ ጋረድኩት።
እናኑ «ጣውንት አመጣህብኝ» ብላ ስቃ
የዶሮዎቿን ቤት ለቀቀችለት።

ሌላው ጡረተኛ ዳማ ይጫወታል፤
እኔን ያያቴን ጓንዴ መሥራት አማረኝ፤
ለገበሬ ማኅበር አስረክቦት ሲመለስ
አውራ ጣቱ ላይ የቀረው ቀለም እየታወሰኝ።

ንድፍ የለኝ። ፎቶም የለኝ። ያለኝ ይህ ብቻ ነው፦
ሰደፉ መሬት ነክቶ ሲቆም፣ አፉ ከጆሮዬ እኩል ነው።
ግን ያኔ ስንት ነበርኩ? ሰባት? ስምንት? ማን ለካኝ? ማንስ ጻፈው?
መቶኛ ሚሊ የሚለይ ካሊፐር ይዤ
የጠፋ ልጅ ቁመት ከየት ልመልሰው?

የጎረቤቴን የአንሙትን ልጅ ከበሩ መቃን አቆምኩት፤
«አትንጠራራ» ብዬ፣ በጆሮው ትክክል እንጨቱን በጠመኔ ጫርኩት።
በአንድ ከረሜላ ልክ ገዛሁ።

አፈሙዙ የሽመና መኪና ዘንግ ነው፣
ሠላሳ ዓመት ሰው ያለበሰ ብረት።
ሰደፉ የዋንዛ አልጋችን እግር፤
(አልጋው ዛሬም በጡብ ነው የቆመው፣ እናኑ ታስታውሰኛለች ሌት ሌት።)
ሞላው ሦስት ጊዜ ተሰበረብኝ፤
አራተኛውን ከሽልማት ሰዓቴ ሆድ አወጣሁት፤
ቀፎው ግድግዳው ላይ አለ፣ አራት ከሩብ ላይ እንደ ተውኩት።

መብራት ደግሞ ይሄዳል።
ዓባይ ከድልድዩ ሥር እየተምዘገዘገ፣ እዚሁ፣ አፍንጫችን ሥር፣
መብራት ይሄዳል።
ቶርኖው አቃስቶ ይቆማል፣ ብረቱን እንደ ነከሰ፤
እኔም በጨለማ እጄን ሰድጄ እዳብሰዋለሁ፤
ትኩስ ነው ገና፣ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር።

በዓመቱ አለቀ።
አክስቴን ዓይናዲስን ከዘጌ በጀልባ አስመጣኋት፤
ከእሱ ልጆች የቀረች እሷ ናት፣ ዓይኗ ከጠፋ ቆየ፤
ጓንዴውን ጭኗ ላይ አጋደምኩላት።
በመዳፏ ሄደችበት፣ ከአፍ እስከ ሰደፍ። አሸተተችው።
«ልኩ ልኩ ነው» አለች፣ «ቅቤ አነሰው እንጂ። እስቲ አጩኸው።»

ፈቃድ ነበረኝ፣ ሁለት ማኅተም ያረፈበት፤
ባሩድ ብቻ፣ ያለ እርሳስ።
ጊዜው ተኩስ ሲሰማ ሰው በሩን ከፍቶ የሚወጣበት ነበር፣
የሚዘጋበት አይደለም።
ሐይቁ ዳር ወርደን፣ ወደ ባዶ ውሃ አዙሬ ሳብኩት።

ጓ!
ይብራው ሁሉ ተነሣ፤ ጢሱ ደንገሉ ውስጥ ገባ፤
አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳው ላይ ቆሞ እናቴን ሰደበ።
እኔ ትከሻዬ እየነደደ ሳቅኩ።
አክስቴ ግን ዝም።
«አይደለም» አለች።

«ምኑ? ቁመቱ ነው? ክብደቱ?»
«እሱማ መች ተኩሶ ያውቃል!
አባዬ ቃታውን ሲስበው ቀጭ ነበር የሚል፤
ለጉማሬው ቀጭ፣ ለሠርጌ ቀጭ፣ ለሌባውም ቀጭ።
ሰው አይስማብህ እንጂ፣ ልጄ፣ ዕድሜ ልኩን ከሽፏል።»

ተመልሼ ቶርኖዬ ፊት ቆምኩ።
በሠላሳ ዓመት፣ ዕቃ እንዲሠራ እንጂ
እንዳይሠራ ለክቼ አላውቅም።
ስንት መቶኛ ቢጎድል ነው ልክ የሚሆነው?
ሊማዬን አነሣሁ። ነካሁ፣ ሞከርኩ፣ ነካሁ፣
ሌሊቱን ሙሉ፤ ለጉዱ፣ መብራት ሳይሄድ።

ንጋት ላይ ዘጌ ደወልኩ፤
ስልኩን ከጓንዴው አስጠግቼ ቃታውን ሳብኩላት።

ቀጭ።

ወዲያ ማዶ ትንፋሿ ይሰማኛል፤
ዶሮ ይጮኻል፣ አንድ ሰው ውሃ ይቀዳል።
«ድገመው» አለችኝ።